ድራኩላ የዴሜተርን ሰዎች ሁሉ ጨርሶ በመመለሻው መርከብ ላይ አንድም ሰው ያልነካው ለምንድን ነው?

ማታ_አንባቢ | ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ብራም ስቶከር መጽሐፍ፣ ስለ ድራኩላ ነው፤ ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ መርከቧ። መጨረሻውን ሳይቀር ስለምዘረዝር ያላነበበ ከዚሁ ይመለስ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ስለሆነ ግን ብዙም አላዝንላችሁም።

ለዘነጋ ሰው፦ ዴሜተር ካውንቱን፣ ማለትም ደም መጣጩን ድራኩላን፣ ከጥቁር ባሕሯ ቫርና ተነሥታ እስከ እንግሊዟ ዊትቢ ያመጣችው የሩሲያ የጭነት መርከብ ናት። የጫነችው አሸዋና በሣጥን የታሸገ አፈር ነው። ካፒቴኑ፣ ሁለት ምክትሎቹ፣ ወጥ ሠሪውና አምስት መርከበኞች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው። ጁላይ 6 ተነሡ። ጁላይ 16 ጠዋት ፔትሮፍስኪ የሚባለው የለም። ጂብራልታርን አልፈው ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ሲገቡ ሌላ ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲያማ ተራ በተራ ነው። ኦገስት 8 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማዕበል እየገፋት ዊትቢ ስትገባ የተገኘው የካፒቴኑ ሬሳ ብቻ ነው። እጆቹ ከመሪው ጋር ታስረዋል፤ በእጁና በእንጨቱ መካከል መስቀል አለ፤ መቁጠሪያው በሁለቱም ላይ ተጠምጥሟል። ከውስጥ አንድ ግዙፍ ውሻ ዘሎ ወርዶ ወደ ገደሉ ሮጠ።

አሁን መመለሻውን ተመልከቱ። ኦክቶበር ላይ ካውንቱ ከለንደን ሲሸሽ ዛሪና ካትሪን በምትባል መርከብ፣ በቀረችው አንዲት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነው። ካፒቴኑ ዶኔልሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ነፋሱ ከኋላ፣ ጭጋጉ ዙሪያውን፤ ዶኔልሰን እስኪደነቅ ድረስ ጉዞው ሰመረላቸውና የሩማንያ ወደብ ጋላትዝ ደረሱ። አንድ ሰው አልጎደለም።

ያው ካውንት፣ ያው ባሕር። ለምንድን ነው በመጀመሪያው ዘጠኝ ነፍስ አጥፍቶ በሁለተኛው ጨዋ የሆነው? ብራም ስቶከር ረስቶት ነው ወይስ አስቦበት? የኔ ግምት ንቀት ነው። በዴሜተር ሲመጣ የሚያሳድደው አልነበረም። በጭሰኞቹ መካከል እንደተቀመጠ ባላባት ሲርበው ይበላል፣ በቃ። እናንተስ?

ጥቁር_ቡና | ቅዳሜ ማታ 3፡05

አቦ ታሪኩ አስፈሪ እንዲሆን ነዋ! ሰው የሌላት መርከብ ወደብ ስትገባ አስባት እስቲ። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ትፈልጋለህ?

ደግሞ በ2023 በወጣው፣ ስለ ዴሜተር በተሠራው የአንድሬ ኦቭሬዳል ፊልም ላይ ዶክተር ክሌመንስ ይተርፍ የለ እንዴ? ሁሉም አላለቁም።

ሶስና_ከሊድስ | ቅዳሜ ማታ 3፡31

ቡና፣ ክሌመንስ የፊልሙ ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ዶክተርም፣ ተደብቃ የተሳፈረች ልጅም፣ የካፒቴኑ የልጅ ልጅም የሉም። ካፒቴኑ ራሱ ስም የለውም። ፊልሙ ኤልየት ብሎ ሰይሞታል፤ ስቶከር ግን ስሙን ሳይነግረን ነው የቀበረው። ከሠራተኞቹ የምናውቀው የሦስቱን ስም ብቻ ነው፦ ፔትሮፍስኪ፣ አብራሞፍና ኦልጋረን። የመጀመሪያው ምክትል ሩማንያዊ መሆኑ ተነግሮናል፤ ስሙ ግን የለም።

ማታ አንባቢ፣ «ረስቶት ነው» የሚለውን አልቀበልም፤ ሰውዬው ስለ መርከቧ ያጠናውን ነገር ተመልከት። ስቶከር በ1890 ክረምት ዊትቢ ከርሟል። እዚያ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችን አናግሮ በ1885 ኦክቶበር ላይ በማዕበል ተገፍታ አሸዋው ላይ ስለወጣች ዲሚትሪ ስለምትባል የሩሲያ መርከብ ሰምቷል። እሷም አሸዋ ነበር የጫነችው። የተነሣችው ከናርቫ ነው፤ ስቶከር ፊደሎቹን አገላብጦ ቫርና አደረጋት። ማስታወሻዎቹ ዛሬ ፊላደልፊያ ሮዘንባክ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ ፍራንክ ሳትክሊፍ የሚባል የከተማው ፎቶ አንሺ ዲሚትሪን አሸዋው ላይ ተጋድማ አንሥቷታል፤ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ምዕራፍ 7ን ቁጭ ነው።

ከኔ ቤት ሩቅ ስላልሆነ ዊትቢን አውቃታለሁ። 199ኙን ደረጃ ወጥታችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቁልቁል ስታዩ፣ መርከቧ የገባችበት የወደቡ አፍ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባችኋል። በማዕበል፣ በሌሊት፣ በሞተ ሰው እጅ እዚያ መግባት! መጽሐፉ ውስጥ ወሬውን የሚዘግበው ጋዜጠኛም ቢሆን ተአምር ነው ብሎ ነው የጻፈው።

ትራንዚተሩ | እሑድ ጠዋት 1፡15

ሥራዬ ዕቃ ማስለቀቅ ስለሆነ ይህን መጽሐፍ እንደ እናንተ አላነበብኩትም። እኔን ያስፈራኝ ወረቀቱ ነው።

እስቲ ካውንቱ ያደረገውን በቅደም ተከተል እዩት። ገና ሜይ ላይ፣ ወጣቱ እንግሊዛዊ ጠበቃ ጆናታን በካውንቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ታግቶ ሳለ፣ ደብዳቤ ይጽፋል። አንዱ ዊትቢ፣ ቁጥር 7 ዘ ክረሰንት ላለ ቢሊንግተን ለሚባል ጠበቃ። ሁለተኛው ቫርና ላለ ላይትነር ለሚባል ሰው። ሌሎቹ ለንደንና ቡዳፔስት ላሉ ባንኮች። ከዚያ በፊት ጆናታንን «እዚህ አንድ ጠበቃ፣ እዚያ ሌላ ጠበቃ መያዝ ይቻላል ወይ?» ብሎ ጠይቆታል። ለምን? አንዱ ስለ ሌላው እንዳያውቅ ነዋ። የላኪው ወኪል ቫርና ነው፣ ተቀባዩ ዊትቢ፣ ገንዘቡ ለንደን። ከላይ እስከ ታች የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ጥርሱ አጭር ነው እንጂ።

አሁን ሣጥኖቹ። የዴሜተር ካፒቴን የመርከቧ መዝገብ ላይ ሲጽፍ ሰነዱ «ሸክላ» ይላቸዋል ይላል። በኋላ ጆናታን ዊትቢ ሄዶ ኢንቮይሱን ሲያይ «50 ሣጥን ተራ አፈር፣ ለሙከራ ሥራ የሚውል» ይላል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት መግለጫ! እኔ ጋ ቢመጣ ዲክላራሲዮኑን አልሞላም። እዚያ ግን ማንም ቅንድቡን አላነሣም። ቦስፎረስ ላይ የቱርክ ጉምሩክ ተሳፍሮ ነበር፣ ዳርዳኔልስ ላይም እንደገና። ካፒቴኑ ራሱ ሁለቱንም ጊዜ ጉርሻ መስጠቱን ጽፏል።

ስለዚህ የማታ አንባቢ ጥያቄ መልሱ ከንቀትም ከረሃብም በፊት ተቀባዩ ጋ ነው። ዊትቢ ላይ ቢሊንግተን ሰነዱን ይዞ ይጠብቃል። መርከቧ አሸዋ ላይ በወጣች ማግስት ጠዋት ተሳፍሮ ጭነቱን ተረክቧል፤ ወደ ኪሱ ያስገባው ነገር ሁሉ ሕጋዊ ነው። የሩሲያው ቆንስል ደግሞ መርከቧን ተረክቦ የወደቡን ክፍያ ፈጸመ። ካፒቴን ኖረ አልኖረ ዕቃው ይወጣል። ጋላትዝ ላይ ግን የሚያስረክብ ሕያው ካፒቴን ያስፈልጋል። ሂልደሻይም የሚባለው ወኪል ደብዳቤ ደርሶታል፤ ከጉምሩክ ለማምለጥ ከፀሐይ መውጫ በፊት ሣጥኑን ተረክቦ ስኪንስኪ ለሚባል ሰው እንዲሰጥ። ዶኔልሰን ቢሞት ያ ሣጥን ከነካውንቱ መጋዘን ውስጥ ፀሐይ ይወጣበት ነበር።

ማታ_አንባቢ | እሑድ ጠዋት 2፡02

ጋሼ፣ ይህን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ስኪንስኪም እኮ ወዲያው ጉሮሮው ተዘንጥሎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተገኘ። ማለት በመመለሻው ላይም ገድሏል፤ ግን ዕቃው እጅ ከገባ በኋላ፣ የመጨረሻውን የሚያውቀውን ሰው።

አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። የዴሜተር ሰዎች ምንም አያውቁም ነበር። ስለዚህ ምስጢር ለመጠበቅ ነው የገደላቸው ማለት አይቻልም። ወረቀቱ መግደል ለምን እንደቻለ ነው የሚነግረን። ለምን እንደገደለ ግን አይነግረንም።

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት | እሑድ ቀን 6፡20

እናንተ ሁላችሁ ካውንቱ ገደለ ብላችሁ ጀመራችሁ። ማስረጃው ምንድን ነው? አንድ መዝገብ። የጻፈው ማን ነው? በሕይወት የቀረው ብቸኛ ሰው።

ልብ በሉ፤ መዝገቡ የተጀመረው ጁላይ 18 ነው። እንግዳ ነገር ስለበዛ ከአሁን በኋላ በደንብ እመዘግባለሁ ብሎ ይጀምርና ከጁላይ 6 ጀምሮ ያለውን ወደ ኋላ ተመልሶ ይጽፋል። ማለትም ፔትሮፍስኪ ከጠፋ በኋላ! ኦገስት 3 ላይ ምክትሉ ራሱን ባሕር ውስጥ ሲወረውር ካፒቴኑ ምን አለ? ሰዎቹን አንድ በአንድ ያስወገደው ይህ እብድ ነው አለ። በማግሥቱ ሐሳቡን ቀይሮ «እሱን አየሁት» ይላል። ለቀናት እንቅልፍ ያላየ፣ ብቻውን የቀረ ሰው ቃል ነው። ኦልጋረን ረጅምና ቀጭን ሰው አየሁ ማለቱንም የምንሰማው ከሱ ነው።

እኔ ብቻ አይደለሁም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የምርመራ ውሳኔም ክፍት ነው የቀረው፤ ግድያውን ካፒቴኑ ራሱ ፈጽሞት እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም ይላል። የከተማው ሰው ግን ጀግና ብሎ በክብር ቀበረው።

በነገራችን ላይ ጋዜጣው ላይ ያለችውን የሕግ ቀልድ ያየ አለ? አንድ የሕግ ተማሪ ወደቡ ላይ ቆሞ፣ የመርከቧ መሪ በሙት እጅ ስለተያዘ የባለቤቱ መብት ከወዲሁ ወድቋል እያለ ይከራከራል። ሬሳው ገና ከመሪው ሳይፈታ! የኛ ሰፈር ልጆች ቢሆኑ ነው።

ሶስና_ከሊድስ | እሑድ ቀን 7፡45

ሕግ፣ ቆንጆ ክስ ነው። ግን ከመዝገቡ ውጭ ያሉ ምስክሮችን ዘለልካቸው። ኦገስት 6 ላይ የጆናታን እጮኛ ሚና ከባሕር ዳርቻ ጠባቂው ጋር ቆማ መርከቧን በሩቅ አይታለች። ጠባቂው መሪዋን የያዘ ሰው ያላት አትመስልም፣ በነፋሱ ሁሉ ትዞራለች ብሎ ተገረመ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ደግሞ ከሞተ ሁለት ቀን ሙሉ ሆኖታል አለ። ማለት ኦገስት 6 ላይ ካፒቴኑ ሞቷል ወይ እያጣጣረ ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ ያቺን መርከብ በማዕበል መካከል በዚያ ጠባብ በር ያስገባት ማን ነው? ውሻውንስ መቶ ሰው ነው ያየው። ካፒቴኑ ገዳይ ቢሆን ውሻው ከየት መጣ?

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት | እሑድ ቀን 7፡58

ውሻ ያሳፈረ መርከበኛ አይተሽ አታውቂም እንዴ?

ሶስና_ከሊድስ | እሑድ ቀን 8፡03

ስንት ሰው እንደተሳፈረና ነፋሱ እንዴት እንደነበረ የጻፈ ካፒቴን ጥጃ የሚያህል ውሻ ሳይጽፍ ይቀራል? እሺ።

ጳጉሜ_6 | እሑድ ማታ 1፡30

ስለ ቀኑ ማንም አላነሣም፤ ከኛ በላይ ይህን ሊያይ የሚገባው አንባቢ የለም። የሩሲያ መርከብ፣ የሩሲያ መዝገብ። ሩሲያ ያኔ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበረች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዙ በ12 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች። ካፒቴኑ ባገሩ ቀን ጽፎ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ኦገስት 4 በእንግሊዝ ኦገስት 16 ነው። መርከቧ ዊትቢ ከደረሰች፣ ካፒቴኑም ከተቀበረ በኋላ!

ስለዚህ ወይ ስቶከር ጉዳዩን አላሰበበትም፣ ወይ መሐል ላይ ያለ ሰው ቀኑን ቀይሮታል። መሐል ላይ ማን አለ? መዝገቡ እንዴት እጃችን እንደገባ አስታውሱ። ካፒቴኑ በሩሲያኛ ጻፈ። የቆንስሉ ጸሐፊ በቃሉ እየተረጎመ አነበበ። ጋዜጠኛው እየሰማ ጻፈ። ሚና ጋዜጣውን ቆርጣ ማስታወሻዋ ላይ ለጠፈች። ጋዜጠኛው ደግሞ የባሕር ሙያና የጭነቱን ዝርዝር ጉዳይ ዘልያለሁ ብሎ ራሱ ነግሮናል። ትራንዚተሩ፣ ሰማህ? የተዘለለው የጭነቱ ዝርዝር ነው።

ትራንዚተሩ | እሑድ ማታ 2፡11

ሰምቻለሁ! እኔ የምፈልጋትን ገጽ ነው የዘለላት። ጋዜጠኛ ሁሉ አንድ ነው።

ቀኑን ጸሐፊው ቀይሮ አነበበ የሚለው ያስኬዳል። የሁለት አገር ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ እኛ ቢሮ በየቀኑ የምንሠራው ነው። ጆናታንም ሣጥኖቹ ከቤተ መንግሥቱ ሲወጡ የሰማው በጁን መጨረሻ ነው። ቫርና ጁላይ 6 ጭነው ጨረሱ ማለት በእንግሊዙ አቆጣጠር ልክ ይመጣል። በሩሲያው ከሆነ ግን ዕቃው ቫርና ተጨማሪ 12 ቀን ተቀምጧል ማለት ነው፤ የመጋዘን ኪራይ ማን ከፈለ?

ጥቁር_ቡና | እሑድ ማታ 2፡19

ካውንት ድራኩላ የመጋዘን ኪራይ ሲከራከር ማየት እፈልጋለሁ 😂

ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ። ሰዎቹ ሰው አለ ብለው መርከቧን ሙሉ ሲበረብሩ ሣጥኖቹን ለምን አልከፈቱም? እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ፊልም ላይ እየጮኽኩ ነበር።

ትራንዚተሩ | እሑድ ማታ 2፡40

የሰው ዕቃ ስለሆነ ነዋ። አጓጓዥ የታሸገ ጭነት አይከፍትም። ፋኖስ ይዘው ከጫፍ ጫፍ ፈለጉ፤ ከትልልቆቹ ሣጥኖች በቀር ሰው የሚደበቅበት ጥግ የለም ብለው ተመለሱ። ሣጥኑ ራሱ ጥግ ነው ብሎ ያሰበ የለም፤ ሰነድ አለው፣ ባለቤት አለው። የሚገርመው ምክትሉ አብዶ መፍቻ ይዞ ወደ ታች ሲወርድ ካፒቴኑ አልከለከለውም። ለምን? በሰነዱ ላይ ሸክላ ነው፣ ቢነካካው ጉዳት የለውም አለ። ዘጠኙን ሰው የጨረሰው እንግዲህ ይኼ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ማታ_አንባቢ | እሑድ ማታ 3፡25

አላጋነንክም። ምክትሉ ከከፈተ በኋላ ያደረገው ነገር ደግሞ ልቤን ይነካኛል። እየጮኸ ወጣ፤ ምስጢሩን አወቅሁ፣ ከሱ የሚያድነኝ ባሕሩ ነው ብሎ ዘለለ። ካውንቱን በዓይኑ አይቶ በገዛ ምርጫው ያመለጠ እሱ ብቻ ነው።

ግን «ለምን ገደለ» የሚለው አሁንም አልተመለሰም። እንዲያውም ከበደ። ሚና ወደ መጨረሻው በምትጽፈው ማስታወሻ ላይ ካውንቱ በውሃ ላይ ከሌሊት በቀር አቅም የለውም፣ መርከቡ ቢሰበር ውሃው ይውጠዋል ትላለች። ታዲያ መርከብ የሚነዱትን ሰዎች በባሕር መካከል መጨረስ ራስን መግደል አይደለም?

ጳጉሜ_6 | እሑድ ማታ 3፡50

ነፋሱና ጭጋጉ የሱ ናቸው። ጭጋጉ አብሯቸው እንደሚሄድ ካፒቴኑ ጽፏል፤ ዶቨርን ማለፋቸውን ያወቁት ለአፍታ ሲገለጥ ነው። ደግሞ አበላሉን እዩት። ካፒቴኑና የመጀመሪያው ምክትል፣ ማለትም መንገድ የሚያውቁት፣ መጨረሻ ላይ ነው የቀሩት። ሰሜን ባሕር እስኪገቡ የሚነዳለት ሰው አልጎደለበትም።

ሶስና_ከሊድስ | እሑድ ማታ 4፡12

እዚህ ላይ ነው ካፒቴኑ ያሸነፈው ብዬ የማምነው። ካውንቱ የፈለገው ወይ እንዲዘል ወይ እንዲበላ ነው። እሱ ግን ሁለቱንም እንቢ አለ፤ ያ ፍጡር ሊነካው የማይደፍረውን ነገር ከእጁ ጋር አሰረ፣ ወረቀቱን ጠርሙስ ውስጥ ከተተ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ፕሮፌሰር፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ማንም ሳያስተምረው ካውንቱን በመስቀል የመከተ ሰው ነው። ካውንቱን የሚያሳድደው ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ እኮ ገና አልመጣም! በኋላ ግን አዳኞቹ ሁሉ ዴሜተርን የሚያነሷት ሣጥኖቹ ወዴት ሄዱ ለማለት ብቻ ነው። ካውንቱ ለገደላት ለሉሲ ስንት ሰው አለቀሰ፤ ለአብራሞፍ ማን አለቀሰ? በ1922ቱ ኖስፌራቱ ላይ እንኳ መርከቧ ኤምፑሳ ተብላ፣ አይጥና ወረርሽኝ አራግፋ ትረሳለች።

የማታ አንባቢ «ንቀት» ለኔ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ካውንቱ ብቻ አይደለም የናቃቸው።

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት | እሑድ ማታ 4፡30

ክሴን አላነሣሁም፤ ግን ይህን መቃወም ከባድ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ዛሪና ካትሪን ላይ የነበሩት ሩማንያውያን ሣጥኑን ባሕር ውስጥ እንወርውር ብለው ከመርከቡ ወለል ላይ አውጥተውት ነበር። ዶኔልሰን ዱላ ይዞ አስቆማቸው፤ የደንበኛ ዕቃ ነው ብሎ። ማለት ካውንቱን ሁለቴም ያዳነው የትራንዚተሩ ወረቀት ነው። አንዱ ካፒቴን በዱላ ጠበቀለት፣ ሌላው ባለመክፈት።

ትራንዚተሩ | ሰኞ ጠዋት 1፡05

የኔ ወረቀት አይደለም፣ የቢሊንግተን ነው! ሰውዬው ደግሞ እንዴት ያለ ታማኝ ነው መሰላችሁ። ሣጥኖቹን በባቡር ወደ ለንደን ላከ፤ የለንደኑ አጓጓዥ ካርተር ፓተርሰን 10 ፓውንድ ተቀብሎ የተረፈውን 1 ፓውንድ ከ17 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ መለሰ። ዘጠኝ ሰው የሞተበት ጭነት መልሱ በሳንቲም ተቆጥሮ ተመለሰ።

ቡና ብትጠይቀኝ ዛሬ ያ ጭነት አያልፍም። በብዙ አገር አፈር ያለ ዕፅዋት ጤና ፈቃድ አይገባም። ካውንቱን ቫን ሄልሲንግ ሳይሆን ኳራንቲን ነበር የሚይዘው።

ጥቁር_ቡና | ሰኞ ጠዋት 2፡20

እሺ ተሸነፍኩ፣ መጽሐፉን ላነበው ነው። በቀጥታ ከምዕራፍ 7 ብጀምር ችግር አለው?

ማታ_አንባቢ | ሰኞ ጠዋት 2፡34

አለው። ቢያንስ ምዕራፍ 3ን አትዝለል። ሜይ 12 ላይ ያሉትን ደብዳቤዎች ሳታይ መርከቧ ላይ ከወጣህ፣ አንተም እንደ ሌሎቹ የጫንከውን አታውቀውም።